መኪና የማያልፍበት መንገድ

ታፈሰ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ሊጨርስ ሲል የኋላውን ፍሬን ነካ አደረገና ብስክሌቱን ወደ መንገዱ ዳር አስጠጋ። ሁለቱ እንግዶች እየተንገጫገጩ ከኋላው ደረሱ። ብሩክ መሪውን ሊያመልጠው እንደሚታገል በግ ጨምድዶ ይዞታል፤ ሚስቱ ሳባ እግሮቿን ከፔዳሉ አንስታ ትስቃለች። በመጨረሻ የታፈሰ ረዳት አልአዛር የምሳውን ሻንጣ አዝሎ መጣና ብሩክን ገላመጠው።

«ወንድሜ፣ ፍሬኑን ካልለቀቅከው ቆላ ሳንደርስ ያልቃል። ደግሞ ማንን ፈርተህ ነው? እዚህ መንገድ ላይ ቅጣት የሚጽፍ ቢኖር ጉሬዛ ነው። እሱም እስክሪብቶ የለውም።»

ሳቁ። ታፈሰም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሳባ ሄልሜቷን አውልቃ ጆሮዋን ወደ ሸለቆው ሰጠች። ከታች የዱቃ ወንዝ በድንጋዮቹ መሀል እየተሹለከለከ ይወርዳል፤ ከላይ፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ቡናው ቀልቷል። ሌላ ድምፅ የለም። ጡሩንባ ሳትሰማ ይህን ያህል የቆየችበትን ቀን እንደማታስታውስ ተናገረች። ባሏ ደግሞ ሥራውን ትቶ እዚህ ጎጆ መቀለስ እንዳማረው ነገራቸው፤ ከአማን ከተማ ከወጡ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላቸውም።

መንገዱ ድሮ የግንድ ጫኝ መኪኖች መንገድ ነበር። አስፋልቱ በላይ በኩል በሸንተረሩ ላይ ከተሠራ በኋላ የታችኛው መንገድ ባለቤት አጣ። አንድ ክረምት ናዳ ሁለት ቦታ ላይ ገመሰውና ለመኪና የማይሆን ሆኖ ቀረ። አሁን የሚሄድበት እግረኛ፣ ቡና የጫነ በቅሎ እና ብስክሌት ብቻ ነው። ወንዙን ተከትሎ እስከ ቆላው ድረስ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ሰው ፔዳል የሚመታው አልፎ አልፎ ነው።

ይህን ሥራ ያሰበው አሮን ነበር፤ የታፈሰ ታናሽ ወንድም። ታፈሰ አማን ውስጥ ብስክሌትና ሞተር የሚጠግንበት ጠባብ ቤት ነበረው። አሮን በዚህ መንገድ ኮረሪማ ጭኖ ገበያ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ላቡን ሳይጠርግ ገባና፣ «ወንድም ጋሼ፣ የአዲስ አበባ ሰው ጡሩንባ ሰልችቶታል። ዝምታ እንሽጥለት» አለው። ታፈሰ ሳቀበት። አሮን ግን ስለተሳቀበት የሚመለስ ሰው አልነበረም። በዓመቱ ስድስት ብስክሌት ነበራቸው፤ ሁሉም ከተጣለ ብረት የተነሡ፣ ሁሉም በአሮን እጅ የተቀቡ። ቀለም ሲቀባ ጢሙ ላይ ሳይቀርበት አያድርም፤ ሚስቱ አስካለች ላምባ በነካ ጨርቅ እየጠረገችለት ትቆጣው ነበር። እሱ ደግሞ ቁጣዋን ስለሚወደው፣ ሆን ብሎ ይሆናል እያሉ ጎረቤቶች ያሙታል።

አሮን ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከእንግዶች ቀድሞ ሲጋልብ፣ የዱቃ ድልድይ የግራ ሳንቃ ተሰበረና ከነብስክሌቱ የወንዙ ሙላት ውስጥ ገባ። ብስክሌቱን በማግስቱ፣ እሱን በሦስተኛው ቀን ነው ያገኙት።

ዛሬ በዚያው ድልድይ አጠገብ፣ በስድስት ሰዓት፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ተበዳዩ ታፈሰ ነው፤ የአሮን ታላቅና የቤቱ ተጠሪ እሱ ስለሆነ። በዳይ ተብሎ የሚቀርበው ከፈለኝ የሚባል ገበሬ ነው። እንግዶቹ የያዙት ቀን ከሽምግልናው ቀን ጋር ገጠመ፤ መሰረዝ ግን አልተቻለም፣ የአስካለችና የልጇ ጉሮሮ ያለው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ ድልድዩ ጋ ምሳ ይበላሉ፣ ታፈሰ እርቁን ይቀበላል፣ ከዚያ አብረው ይቀጥላሉ ተባለ። አንድ ሰዓት አይፈጅም አሉት።

የታችኛው መንገድ ባለቤት ቢያጣም ሥርዓት አላጣም ነበር። መንገዱ ሲናድ ወይም ሳንቃ ሲበሰብስ፣ ለቦታው የቀረበው ባለ ቤት አንድ ሙሉ የኮባ ቅጠል ቆርጦ መንገዱ ላይ በአግድም ያነጥፋል፤ ነፋስ እንዳይወስደው በሁለት ችካል ይቸክለዋል። ያን ያየ እግረኛ ይቆማል፣ በቅሎ ላይ ያለ ይወርዳል። የጻፈው የለም፣ የሚከፈልበት የለም፤ ያላደረገው ግን ከሰው አይቆጠርም። ከድልድዩ ሃምሳ እርምጃ የማይርቀው ቤት የከፈለኝ ነው። ከፈለኝ፣ «በዋዜማው አንጥፌአለሁ፣ ቸክያለሁ» አለ። ያን ቀን ግን ድልድዩ ላይ ቅጠል ያየ ሰው አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ፊቱን አዞረበት። እድሩ ስሙን ሰረዘ። ቡና ሲደርስ ለደቦ የሚመጣለት ጠፋ፣ እሱንም የሚጠራው የለም።

ታፈሰ ግን ቅጠሉን አይቶታል።

ያን ጠዋት እንግዶቹን ለአሮን ትቶ አርባ ደቂቃ ቀድሞ ነበር የወጣው። የሚመጡት ሰዎች ካሜራ ይዘዋል፤ መንገዱን ቀርጸው ለሌሎች ሊያሳዩ ነው። ታፈሰ መንገዱ እንዲያምርላቸው ፈለገ። የገበያ ማግስት ስለነበረ፣ ሴቶቹ ለዳቦ መጋገሪያ ሊሸጡ ከተሸከሙት የኮባ ቅጠል የወደቀው በየቦታው ተበትኗል። ባገኘው ቁጥር ከብስክሌቱ ሳይወርድ በእግሩ ወደ ዳር ይጠርገዋል። ድልድዩ ራስ ላይ የነበረውም ከዚያው መሰለው። በእግሩ ቢመታው አልለቅ አለው። በተረከዙ ደገመው። ችካሉ ሲነቀል እግሩ ላይ ተሰማው። የልጆች ጨዋታ ይሆናል ብሎ አለፈ፤ ዝናቡ እየበረታ ነበር፣ የቀኙ ሳንቃ ደግሞ ተሸከመው። ቅጠሉ ተንሸራቶ ወንዝ ገባ።

ይህን ለማንም አልተናገረም። በለቅሶው ሰሞን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሊያለቅስ መስሏቸው ያቅፉት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ከፈለኝ ውሸታም እየሆነ ሄደ።

ናዳው የገመሰው ቦታ ሲደርሱ ብስክሌቶቹን ተሸክመው መሻገር ነበረባቸው። ከወዲያ ማዶ ቡና የጫኑ ሁለት በቅሎዎች የሚነዳ ሽማግሌ ቆሞ ተመለከታቸው። «የከተማ ሰው ጉድ ነው» አለ። «እኛን በቅሎ ይሸከመናል፣ እናንተ በቅሏችሁን ትሸከማላችሁ።» አልአዛርም የእሱ በቅሎ ሣር እንደማይበላ፣ እንደማይራገጥም ነገረው። ሽማግሌው ሲስቅ ቆይቶ ታፈሰን አየውና ሳቁን ሰብሰብ አደረገ፤ ባርኔጣውን አንስቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ሰላምታ ነበር። ታፈሰ ብስክሌቱን በትከሻው እንደያዘ ራሱን ነቀነቀለት፤ ብስክሌቱ የዚያን ዕለት ያህል ከብዶት አያውቅም።

ከናዳው ባሻገር አንድ ምንጭ አለ። ውኃ ሊቀዱ ሲቆሙ ሳባ ስልኳን አውጥታ የእነታፈሰን የቴሌግራም ገጽ ከፈተች። ፎቶው ላይ አሮን አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«ይሄኛው ዛሬ አልመጣም?» አለች። «እሱ ይወስደናል ብዬ ነበር እኮ።»

ታፈሰ ኮዳው ላይ አቀረቀረ። አልአዛር ነው የመለሰላት። የታፈሰ ወንድም እንደነበረ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ምሳ የሚበሉበት ቦታ እዚያው መሆኑን ነገራት። ሳባ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምልክት ማድረግ የነበረበት ሰው ነበር» አለ አልአዛር። «ቤቱ እዚያው ነው። አንድ ቅጠል መቁረጥ ከበደው። ደግሞ አድርጌአለሁ ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ይዋሻል።»

«አልአዛር» አለ ታፈሰ።

«ምነው ታፌ? ሐሰት ተናገርኩ?»

ታፈሰ የኮዳውን ክዳን አጠበቀ። ከዚያ ፈታና እንደገና አጠበቀ። «እንሂድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» አለ።

ከምንጩ እስከ ድልድዩ ያለው ሰባት ኪሎ ሜትር ከመንገዱ ሁሉ ያማረው ነው። ሸለቆው ይሰፋል፣ ወንዙ ረጋ ብሎ አረንጓዴ ይሆናል፤ ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ከሥራቸው ለሚያልፍ ሰው ጉምጉምታቸው ይሰማል። አሮን እዚህ ሲደርስ መሪውን ለቅቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይወርድ ነበር፤ ታፈሰ ከኋላ እየጮኸ ይሰድበዋል። አሁን ብሩክ ድፍረት አግኝቶ ፍሬኑን ለቅቋል፤ አንድ መዝሙር ያንጎራጉራል። ነፋሱ ፊታቸውን ያቀዘቅዛል። ታፈሰ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሰው እንዴት ደረቱ ይጠብበዋል ብሎ ራሱን ጠየቀ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ብቻዋን ቡና ትለቅማለች። ከፊቷ ያለው ቡና ከመድረስ አልፎ ጠቁሯል፤ ግማሹ መሬት ላይ ረግፏል። የከፈለኝ ሚስት ጥሩነሽ ነበረች። ድሮ ብስክሌቶቹን ስታይ ሙዝ ይዛ ትሮጥ ነበር፤ አሮን፣ «እትዬ ጥሩነሽ ባይኖሩ ይሄ መንገድ ረሃብ ነበር» እያለ ለእንግዶች ያስተዋውቃታል። ዛሬ ቅርጫቷን አስቀምጣ መንገዱ መሀል ቆመች። ታፈሰ ለአልአዛር እንግዶቹን ይዞ እንዲቀድም ምልክት ሰጠውና ወረደ።

«ደህና ነዎት፣ እትዬ?»

«ላቆይህ አልፈልግም» አለች። ጣቶቿ በቡናው ጭማቂ ጠቁረዋል። «ዛሬ አልቸከልኩም ሊልህ ነው።»

«ምን?»

«ከፈለኝ። ቅጠሉን አላነጠፍኩም፣ ዋሽቻለሁ ሊል ነው። እኔ ነኝ የለመንኩት። ሁለቱን ልጆች ከትምህርት ቤት አስቀርቼ እንኳ ቡናው አልተነሣልኝም። ይኸው፣ ታየዋለህ። እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ትናንት ማታ እሺ አለ።»

ታፈሰ የሚይዘው አጥቶ የብስክሌቱን ወንበር ያዘ።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ጥሩነሽ። «ሲቆርጠው አብሬው ነበርኩ፣ ፋኖሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ማን እንዳነሳው እግዚአብሔር ይወቅ። አንተን ግን አንድ ነገር ልለምንህ፤ ሲነግርህ አታዋርደው። ቶሎ ይቅር በለውና ይለቅ። ትዕቢት የለበትም፣ ትዕቢቱ እኔ ላይ ብቻ ነው።» የመጨረሻዋን ፈገግ ለማለት ሞክራ ነበር የተናገረችው፤ አልሆነላትም። ቅርጫቷን አንስታ ወደ ቡናው ተመለሰች።

ታፈሰ ብስክሌቱ ላይ አልወጣም። የቀረውን መንገድ እየገፋ ሄደ።

ድልድዩ ጋ ሁሉም ደርሰዋል። አዲሱ ሳንቃ ገና ነጭ ነው፤ ከአሮጌው ጋር ሲታይ የተተከለ ጥርስ ይመስላል። እንግዶቹ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ፤ ጀርባቸውን ወደ ሰዎቹ አዙረዋል፣ ለአክብሮት። ከትልቁ ዋንዛ ሥር ሽማግሌዎቹ አሉ፤ መሀል ላይ ጡረታ የወጡት መምህር በዛብህ። ከእነሱ በስተቀኝና በስተግራ ሁለት ግንዶች ትይዩ ተጋድመዋል፤ አንዱ የተበዳይ ወገን መቀመጫ፣ አንዱ የበዳይ። በተበዳይ ግንድ ላይ አስካለች የሁለት ዓመት ሴት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ከአማን በሞተር ነው የመጣችው። ታፈሰ አጠገቧ ተቀመጠ። ልጅቷ ወዲያው ወደ እሱ ተሸጋገረች፤ ጭኑ ላይ ወጥታ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ላብ አጥምቆሃል፣ ታመሃል እንዴ?» አለችው አስካለች በዝግታ።

«ደህና ነኝ።»

«እኔ ቅጣት አልፈልግም፤ ለመምህር ነግሬአቸዋለሁ። እውነቱን ከአፉ ልስማ እንጂ።»

ማዶ ያለው ግንድ ባዶ ነበር። መምህር በዛብህ ጸሎት አደረሱ፤ ጸሎታቸው እንደ አስተማሪነታቸው አጭርና ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ከፈለኝ ከቤቱ በኩል መጣ። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሦስት ወር ግን ልብሱ ሰፍቶበታል። እንደ ይቅርታ ለማኝ ወግ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ትንሽ ድንጋይ አልመረጠም። ታፈሰ ፊት ደርሶ ተንበረከከ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እንዳጠና ተማሪ መናገር ጀመረ።

«በነሐሴ ወር ሳንቃው መበስበሱን እያወቅኩ ቅጠል አላነጠፍኩም። አንጥፌአለሁ ብዬም ዋሽቻለሁ። የወንድምህ ደም በእኔ ላይ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ፣ ታፈሰ ልጄ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሸክም የወረደለት ሰው ትንፋሽ ነበር። ሌላው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ ሰዓቱን ገመተ።

«ጋሽ ከፈለኝ» አለች አስካለች። ድምፅዋ አልጠነከረም። «እሺ፣ ረስተዋል። ሰው ይረሳል። ሦስት ወር ግን ለምን? እኔ እኮ በየቀኑ ማታ፣ ምናልባት ቅጠሉ ነበረ፣ ምናልባት አሮን አይቶት ንቆት ነው እያልኩ እሱን ስቆጣ ነው የማድረው። የሞተ ባሌን።»

ከፈለኝ አፉን ከፈተ። ይህ ጥያቄ ካጠናው ውስጥ አልነበረም። ድንጋዩ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ በሁለት እጁ አቀናው። «እኔ…» አለ።

«ግድ የለም፣ ልጄ፣ አምኗል» አሉ መምህር በዛብህ። «ታፈሰ፣ እንግዲህ ያንተ ቃል ነው የቀረው።»

አንድ ቃል ነው የቀረው። ታፈሰ ያውቀዋል። ያን ቃል ቢናገር ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ያወርዳሉ፣ ነገ ለደቦ ሰው ይመጣል፣ የቀረው ቡና ይነሣል። እሱም ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ በነፋሱ ውስጥ ይወርዳል። አስካለች የምትጠላው ሰው ታገኛለች፤ ቀስ በቀስም ትተወዋለች። እውነቱን ቢናገር ግን ከነገ ጀምሮ ማን ይከተለዋል? የአሮን ልጅ በማን እጅ ትበላለች? ይህን ሁሉ ሦስት ወር ሲያሰላው ኖሯል፤ ሁልጊዜም ስሌቱ ዝም በል ይለዋል። ዛሬም ያንኑ አለው።

ከወንዙ በኩል አልአዛር ሻንጣውን እየዘጋ ቀና ብሎ አየው፤ እንጨርስና እንሂድ የሚል አስተያየት ነበር።

ታፈሰ ልጅቷን ከጭኑ አንስቶ ለእናቷ ሰጠ። ተነሣ። ሁሉም ሰው ከፈለኝን ሊያነሳው መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን በተንበረከከው ሰው አጠገብ አልፎ ማዶ ሄደ፤ ባዶው ግንድ ላይ ተቀመጠ።

መምህር በዛብህ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ታፈሰ፣ ያንተ ቦታ በዚህ በኩል ነው።»

«አይደለም፣ መምህር» አለ። «ድንጋዩን ከጋሽ ከፈለኝ ላይ አውርዱላቸው። ቅጠሉን አንጥፈው ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱ። ከፈለኝ ግን ከተንበረከከበት አልተነሣም፤ ማጅራቱን በእጁ ይዞ፣ ታፈሰን እንደማያውቀው ሰው ያየዋል። ታፈሰ ወደ ወንዙ ዞሮ አልአዛርን እንግዶቹን ይዞ እንዲቀጥል ነገረው፤ እሱ እንደማይመጣ፣ እንዳይጠብቁትም። አልአዛር የሆነ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ብስክሌቶች በአዲሱ ሳንቃ ላይ አንድ በአንድ ሲሻገሩ ተሰማ።

አስካለች ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የብስክሌቶቹ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀች።

«ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ» አለችው። ወንድም ጋሼ አላለችውም። «ምንም ሳታስቀር።»

እሱም ከጠዋቱ ጀመረ።